ላቡ ሳይደርቅ፤ ግን ስንት?



ውድ አንባብያን፤ የሠራተኛ ደመወዝ ነገር በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ የታወቀውን ሐዲስ ማስታወሱ አይቀርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው ማዘዛቸውን መድረሳ የገባ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ሐዲሱን በጥሞና ላስተዋለው ሰው፣ የሚነግረን መቼ እንደሚከፈል እንጂ ስንት እንደሚከፈል አይደለም። እንግዲህ አንድ ነጋዴ ወሩ ባለቀ ዕለት፣ አንዲት ቀን እንኳ ሳያሳልፍ፣ ሊኖሩበት የማይበቃ ገንዘብ ለሠራተኛው ቆጥሮ ቢሰጥ ግዴታውን ተወጥቷል ማለት ይቻላልን?

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በጎንደር ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር የሚሠራ ወጣት የላከልን ጥያቄ ነው። የእርሱንም ሆነ የመደብሩን ስም ትተነዋል። አሠሪው ደግ ሰው ናቸው። ሐጂ እያለ ይጠራቸዋል፤ ከሶላት አያስታጉሉትም፤ ደመወዙን አዘግይተውበት አያውቁም። ይሁን እንጂ የአንዲት ክፍል ቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ የተረፈው ገንዘብ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። የቀረውን ቀን በብድር ይገፋዋል። ማግባት ያስብና “በምኔ?” ብሎ ይተወዋል። ረመዷን ሲገባ ሐጂ ከዘካቸው ግማሽ ኩንታል ዱቄትና ጥቂት ገንዘብ ይሰጡታል። “የምቀበለው የሠራሁበትን ነው ወይስ ምጽዋት? መለየት አቃተኝ” ሲል ጽፏል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ወደ ሸሪዓው ከመግባታችን በፊት የአገሩ ሕግ ምን እንደሚል እንይ።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ስኬል አለው። የዚህ ስኬል የመጨረሻው እርከን ለብዙ ጊዜ በወር 1,100 ብር ነበር። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገና የሸቀጥ ዋጋ ከናረ በኋላ፣ በ2017 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ እንዲል ተወሰነ። ጭማሪው በቁጥር ሲታይ ትልቅ ነው። አምስት ነፍስ ባለበት ቤት ግን ሒሳቡን እንሥራው። ከ6,000 ብሩ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 420 ብር ይቀነሳል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሆኖ በቀሪው ላይ 700 ብር ይከፈላል። እጅ የሚገባው 4,880 ብር ነው። ይህ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 163 ብር ገደማ ይሆናል፤ ለአንድ ነፍስ ደግሞ 33 ብር እንኳ አይሞላም። እንጀራው፣ ኪራዩ፣ የልጆች ደብተር፣ ሳሙናው፣ መድኃኒቱ ሁሉ ከዚህች 33 ብር ውስጥ ነው።

ይህም ቢሆን ወለል ያለው ሰው ሒሳብ ነው። በግል ድርጅት ለሚሠራው ወገን ግን ከዚህ በታች አትክፈል የሚል ሕግ አልወጣለትም። በ1985 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42ም ሆነ ከዚያ በኋላ በ1996 የተተካው አዋጅ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ዓመት ፈቃድ፣ ስለ ስንብት በሰፊው ሲደነግጉ የደመወዙን መጠን ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ትተውታል። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል። መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም፣ ቦርዱም የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል በየጊዜው እንዲወስን ይላል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጥያቄውን ሳያነሣ የቀረበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። በጎንደር ያለ መደብር ወይም በመተማ ያለ እርሻ የሚገደድበት የብር መጠን ግን አልታየም።

ጥያቄው ራሱ አዲስ አይደለም። በየካቲት 1966 መጨረሻ የያኔው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ በመታ ጊዜ ካነሣቸው ጉዳዮች አንዱ የዝቅተኛ ደመወዝ ጉዳይ ነበር። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጡረታውን የሚያስብ ሰው ሆኗል።

መለስ ብለን ከከተማው ወጣ እንበል፤ የደመወዝ ነገር በአካባቢያችን ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው በሱቅ ሳይሆን በሰሊጥ እርሻ ነውና።

ክረምቱ ሲገባ ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ፣ ከወገራና ከበለሳ ወጣቱ ወደ ቆላ ይወርዳል። መሬቱ ጠባብ ነው፤ የተሸረሸረም ነው፤ ከአባት ለልጅ ሲከፋፈል ለአንድ ጎረምሳ የሚደርሰው ቁራሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ2,800 ሜትር በላይ ካለው ብርድ አገር ተነሥቶ፣ በጎንደርና በአዘዞ በኩል አይከልን አልፎ ገንዳ ውኃና መተማ፣ ወይም በሳንጃ በኩል አብደራፊና ሁመራ ይዘልቃል። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሙቀቱ ለደጋ ልጅ እሳት ነው። ከተራራው ሲወርድ ወባን የማያውቅ ሰውነት ይዞ ነው የሚወርደው። በሐምሌና በነሐሴ ያርማል፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያጭዳል። የአካባቢው ሰው ወፈር ዘለል የሚላቸውም አሉ፤ አንዱን እርሻ ጨርሰው ወደ ሌላው የሚሻገሩ፣ ቤት የሌላቸው፣ ዓመቱን በሙሉ በመንገድ ላይ ያሉ ናቸው።

የሰሊጥ ጠባይ ለዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አለው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታግሦ አይጠብቅም፤ ከደረሰ በኋላ ፍሬ የያዘው ከረጢት ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ባለ እርሻው ዓመት ሙሉ ያወጣው ወጪ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚገኝ የሰው ጉልበት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በእነዚያ ቀናት ሰው ሲጠፋ የቀን ዋጋ ሽቅብ ይወጣል፤ ባለሀብቱም “ሠራተኛው ጨከነብን፣ መንግሥት ዋጋ ይቁረጥልን” ይላል። በአረም ጊዜ ከደጋ የወረደው ሰው ሲበዛ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ያው ሰውዬ “ገበያው ነው፣ አላህ የወሰነው ነው” ሲል ይሰማል። ገበያው እርሱን ሲጎዳ ሕግ፣ ሌላውን ሲጎዳ ቀደር! ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሠራተኛው የሚያድረው ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር ነው። በመረሬው መሬት ስንጥቅና በግራሩ ሥር የምትኖር ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። በሽታው ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል እስከ መቋቋም የተደረሰው ከቆላ የሚመለሰው በሽተኛ ብዙ በመሆኑ ነው። ከ1995 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ የቀጠፈው የካላዛር ወረርሽኝም ከሰሊጥ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ሳይገባ እንዳልቀረ ሐኪሞች ያምናሉ። የተለመደው የመርፌ ሕክምና 17 ቀን ይፈጃል። አዋጁ የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲያገኝ ይላል። ከግራር ሥር የተኛው ልጅ ግን ውሉ በጽሑፍ አይደለም፤ የቀጠረው ካቦ ነው፤ ካቦውን ያገኘው ደላላ ነው። ሲታመም ማንን ይጠይቅ? ያረፈበት ቀን ከሒሳቡ ይቀነሳል፤ የበላበትም ይቀነሳል። ከ2015 ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ አስጊ ሆኗል፤ ያገኛትን ይዞ ቤቱ መድረሱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

በሌላ በኩል ሰሊጡን ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰሊጥ በደረጃ ተመዝኖ ሲገበይበት ቆይቷል፤ በጎንደርም፣ በመተማም፣ በሁመራም ቅርንጫፍ አለው። የኩንታሉ ዋጋ በየዕለቱ ይታወቃል፤ ገበሬው በስልኩ ይሰማዋል። የእህሉ ዋጋ እንዲህ ተጣርቶ ሲታወቅ ያጨደው ሰው ዋጋ በጠዋት ደላላ በጆሮ የሚንሾካሾከው ነገር ሆኖ ቀርቷል።

ደርግ በ1967 በገጠር መሬት አዋጅ በሰው ጉልበት ማሳረስን ከጥቂት ሰዎች በቀር በጠቅላላው ከልክሎ ነበር። የሁመራ የግል እርሻዎችም የመንግሥት ሆኑ። አጫጅ መቅጠር ግን አልቀረም፤ ቀጣሪው ብቻ ተለወጠ። ቅጥርን በመከልከል የሠራተኛ ችግር እንደማይፈታ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ። ብዙ ነጋዴዎቻችን የሚያነሡት አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ሰዎች ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዋጋ እንዲወስኑላቸው ጠይቀው ነበር፤ እርሳቸው ግን ዋጋን የሚያወጣና የሚያወርድ አላህ መሆኑን ተናግረው፣ ማንም በበደል ሳይከሳቸው ጌታቸውን መገናኘት እንደሚሹ ገልጸው እምቢ አሉ። “እንግዲህ የሸቀጥ ዋጋ በሕግ ካልተወሰነ የሰው ጉልበት ዋጋስ እንዴት ይወሰናል?” ይላሉ።

ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ዑለማእ ይህን ሐዲስ እንዴት እንደተረዱት ማየት ያሻል። ኢብን ተይሚያ “አል-ሒስባ” በተባለው ድርሰታቸው በዚህ ላይ በሰፊው ጽፈዋል። የእርሳቸው ሐሳብ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ዋጋ የናረው ዕቃ በመጥፋቱ ወይም ፈላጊ በመብዛቱ ከሆነ ነጋዴውን ማስገደድ በደል ነው። ሰዎች አንዱን ወገን ጨቁነው ከሆነ ግን ባለሥልጣን ፍትሐዊውን ዋጋ ማስከበር ይፈቀድለታል፤ አንዳንዴም ግዴታው ይሆናል። ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሱትም የገበሬን፣ የሸማኔንና የግንበኛን ሥራ ነው። ሠራተኛው ከሚገባው በላይ እንዳይጠይቅ፣ አሠሪውም ከሚገባው በታች ሰጥቶ እንዳይበድለው ሁለቱም ይያዛሉ። ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኩት የሰሊጥ ባለሀብት እዚህ ላይ መልሱን ያገኛል። በጥቅምት ሕጉን የሚፈልገው ሰው በሐምሌም ሊቀበለው ይገባል።

ፉቀሃእ ይህን ፍትሐዊ ክፍያ “ኡጅረቱል ሚስል” ይሉታል፤ በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ለመሰሉ ሥራ የሚከፈለው ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። በአንድ ገበያ ያሉ አሠሪዎች ሁሉ ሰው የማያኖር ደመወዝ የሚከፍሉ ከሆነ መሰሉም ያው የማያኖር ነው። አንዱ ሌላውን እያየ ሁሉም ወደ ታች ሲወርድ “እኔ የምከፍለው ጎረቤቴ የሚከፍለውን ነው” የሚል መልስ በፍርድ ቤት ያስረታ ይሆናል፤ ረሃብን ግን አያስታግሥም። ስለዚህ የደመወዝ መለኪያ ገበያው ብቻ ሊሆን አይችልም።

ሌላ መለኪያ በዲናችን ውስጥ አለን? አለ። አቡበክር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ በሆኑ ማግሥት እንደ ልማዳቸው ጨርቅ ተሸክመው ወደ ገበያ ሊወጡ ሲሉ ሰሓቦች አገኟቸው። የሕዝቡን ጉዳይ እየመሩ ንግድ እንደማይሆን ተነጋግረው ከበይተል ማል ቀለብ ቆረጡላቸው። መጠኑ የተቆረጠው ሌላ ሰው በስንት ይሠራዋል ተብሎ አልነበረም፤ ለእርሳቸውና ለቤተሰባቸው የሚበቃው ታስቦ ነው። በሌላ ሐዲስም በሕዝብ ሥራ ላይ የተሾመ ሰው ሚስት ከሌለው እንዲያገባ፣ ቤት ከሌለው ቤት እንዲይዝ ተፈቅዶለታል። የወጣቱ “በምኔ ላግባ?” የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከዲኑ ውጭ የሆነ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ይህ ለመንግሥት ሠራተኛ ነው የሚል ካለ የአቡ ዘርን (ረ.ዐ.) ሐዲስ ያስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእጃችሁ ሥር ያሉት ወንድሞቻችሁ ናቸው ብለው፣ ከምትበሉት አብሏቸው፣ ከምትለብሱት አልብሷቸው፣ ከዐቅማቸው በላይ አታሸክሟቸው የሚል ትርጉም ያለው ትእዛዝ ሰጥተዋል። ንግግሩ በዚያ ዘመን በባርነት ስለነበሩት ነው። ለባሪያ ይህ ከተባለ ነፃ ሆኖ በጉልበቱ ለሚያድረው ሰው ምን ሊባል እንደሚገባ አንባቢ ይፍረድ። በእኔ በኩል ከዚህ ሐዲስ የምረዳው ትልቅ ነገር አለ፤ የሠራተኛው ኑሮ የተለካው በአሠሪው ማዕድ ነው። ገበያ ውስጥ አንዲት የስፌት መኪና ይዞ፣ ራሱ ሽሮ እየበላ፣ አንድ ልጅ ቀጥሮ የሚያሠራ ልብስ ሰፊና ሦስት ፎቅ የሠራ ባለሀብት ግዴታቸው አንድ አይደለም። ልብስ ሰፊው ልጁን ከሽሮው ቢያካፍለው ተወጥቷል። ባለ ፎቁ ግን ማዕዱን ከፍ አድርጎ የሠራተኛውን በነበረበት ካስቀረው፣ በየወሩ መጨረሻ ሳያዘገይ ቢከፍልም ነገሩ አላለቀለትም።

የወጣቱን የዘካ ጥያቄ እዚህ ላይ እንመልስ። ገቢው ለመሠረታዊ ኑሮው የማይበቃ ሰው ሥራ ቢኖረውም ከዘካ መቀበል ይችላል፤ ስለዚህ ወንድማችን በመቀበሉ ጥፋት የለበትም። አሠሪው ግን መጠንቀቅ አለባቸው። ዘካ የድኾች ሐቅ ነው፤ በደመወዝ ምትክ አይሰጥም፤ ሠራተኛው ጭማሪ እንዳይጠይቅ ወይም ሥራ ለቆ እንዳይሄድ ተብሎም አይሰጥም። እንዲህ ከሆነ ሰውየው ዘካውን ለራሱ ጥቅም አዋለው ማለት ነውና። ሐጂ በልባቸው “ዱቄቱ ስላለ ደመወዙ ቢያንስም ግድ የለም” ብለው ከሆነ ዘካቸው ገና አልወጣም። ደመወዙ ሌላ፣ ዘካው ሌላ ነው።

አሁን የተቃዋሚውን ወገን እንስማ። “ወለል ከተወሰነ አሠሪው ሠራተኛ ይቀንሳል፤ ሥራ አጡ ይበዛል፤ ትንሽ ደመወዝ ከምንም ይሻላል” ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ለሥራ አጥ ወጣት ከልባቸው የሚያስቡም ናቸው። ግን የታየውን እንመልከት። በ2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የውጭ ኩባንያዎችን የሳበው በርካሽ የሰው ጉልበት ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ጊዜ በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ 207 ዶላር ይከፈል ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ከገጠር የመጡት ልጃገረዶች በገንዘቡ ቤት ተከራይተው መብላት አቃታቸው፤ እየለቀቁ ወጡ። በመጀመሪያው ዓመት ከሠራተኛው ቁጥር ጋር እኩል የሚሆን ሰው ለቅቆ በሌላ ይተካ ነበር ማለት ይቻላል። ሥልጠናው በየጊዜው ከሀ ይጀመራል፤ ምርቱም የታሰበውን ያህል አልሆነም። አጥኚዎቹ ራሳቸው ያቀረቡት ምክር መንግሥት የደመወዝ ወለል እንዲያወጣ ነበር። ፓርኩ ከጊዜ በኋላ ደንበኛ ያጣውም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ከአሜሪካ የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል በመታገዷ እንጂ ደመወዝ በመጨመሩ አልነበረም።

ከባሕር ማዶም እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ ሁለት ሊቃውንት ከጎረቤት ግዛት ጋር አነጻጽረው የምግብ ቤት ሠራተኞች ቁጥር አለመቀነሱን አሳይተዋል። አንደኛው፣ ዴቪድ ካርድ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚህና ለመሰል ሥራው የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ጥናቱን የተቃወሙም ነበሩ። ጭማሪው ከልክ ካለፈ ሥራ እንደሚያሳጣ ማንም አይክድም፤ ክርክሩ ልኩ የት ነው የሚለው ላይ ነው።

ስለዚህ የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ወለሉ በሕግ ግዴታ ይሁን፤ ግን አንድ ቁጥር ለአገሩ ሁሉ አይሁን። ኬንያ ለዋና ከተማዋ፣ ለሌሎች ከተሞችና ለገጠሩ፣ እንደገናም ለየሥራው ዓይነት የተለያየ ወለል ታወጣለች። የጎንደር ቤት ኪራይ የአዲስ አበባን አይደለም፤ የደባርቅም የጎንደርን አይደለም። ለሰሊጥ አጫጅ ደግሞ በወር የሚቆጠር ደመወዝ ትርጉም የለውም። ለእርሱ የሚበጀው የቀኑና የሄክታሩ ወለል ወቅቱ ሳይገባ በይፋ ተነግሮት፣ ከደባርቅ መናኸሪያ አውቶቡስ ሳይሳፈር በፊት መስማቱ ነው። በፊቅህም ቢሆን ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሠራተኛው ዋጋ መታወቁ የቅጥር ውል መስፈርት ነው፤ “ስንደርስ እንነጋገራለን” የሚባል ውል ውል አይደለም።

“ለምን በሕግ? አላህን ለሚፈራ ነጋዴ ኅሊናው አይበቃውምን?” የሚል ይኖራል። አይበቃውም፤ ምክንያቱም ኅሊና ያለው ነጋዴ ብቻውን ሲጨምር ኅሊና የሌለው ጎረቤቱ ዕቃውን አርክሶ ይሸጥበታል። ደጉ ይከስራል። ሕጉ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሊከፍል እየፈለገ ለፈራው ሰው ነው። የጎንደር ሙስሊም ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ አባቶቻችን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ በአዲስ ዓለም ሰፈሩ፤ ርስት ስላልተፈቀደላቸው የኖሩት በንግድና በሽመና ነበር። መሬት የሌለው ሰው የሚበላው የእጁን ዋጋ ብቻ ነው። የዛሬው ከጃናሞራ የወረደ ልጅ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን በዚያው የአባቶቻችን ቦታ ላይ ቆሟል።

በመጨረሻ ከሱቅም ከእርሻም ወደሚቀርበን ቦታ እንግባ፤ ወደ ጓዳችን። የቤት ሠራተኛ በአዋጅ 1156 ውስጥ የለችበትም፤ አዋጁ ለግል አገልግሎት የሚደረግ ቅጥርን ለብቻ በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ትቶታል፤ ከዚያ በመለስ ያላት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። የደመወዝ ወለል ነገ ቢታወጅ እንኳ እርሷን ላይነካ ይችላል። በአብዛኛው ከደጋው የመጣች የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ናት። “ምግቧና መኝታዋ ከኛ ነው” እንላለን፤ እውነት ነው፤ ከምንበላው ማብላቱ ግን ታዘዝን እንጂ ከደመወዟ እንድንቀንሰው አልተባልንም። “ገንዘብሽ እኔ ዘንድ ይጠራቀምልሽ” የሚሉ እትዬዎችም ብዙ ናቸው፤ በቅንነት የሚያደርጉት አሉ። ልጅቷ ግን ስንት እንዳላት አታውቅም፤ ለመሄድ ስትነሣ ሒሳቡ ከተሰበረው ብርጭቆና ከተገዛላት ጫማ ጋር ይጣጣል። በየወሩ በእጇ ቢሰጣት፣ ወይም በስሟ ደብተር ወጥቶላት ባንክ ቢገባላት እምነቱም አይጎድል፣ ጠቡም አይመጣ።

የዒድ ቀን ደግሞ አለ። እንግዳው ከረፋዱ ጀምሮ ይጎርፋል፤ ዶሮው፣ ሥጋው፣ ቡናው፣ ዕቃ ማጠቡ እስከ ሌሊት ነው። ዒድ በአገራችን የሕዝብ በዓል ሆኖ ከታወጀ 50 ዓመት አልፎታል። በበዓል ቀን ሥራ ላይ የዋለ የፋብሪካ ሠራተኛ በአዋጁ መሠረት የእያንዳንዱ ሰዓት ክፍያው ሁለት እጥፍ ነው።